ውሃ ልክ

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በረዶም ይሁን ጭቃ፣
ከዜኖን ውሻ ቀድሜ ስነቃ፣
ወደ ናሬቭ ወርጄ፣ ከወንዙ አፋፍ ላይ
የቆመውን ምሰሶ ጎንበስ ብዬ ሳይ፣
ሁለት ሜትር ከአርባ፣ ሁለት ሜትር ከሃምሳ፣
በእርሳስ አሰፍራለሁ አንድ ቀን ሳልረሳ።
ከዚያ ለዋርሶ ስልክ፦ «ቦግና ነኝ፣» ቀጥሎ ቁጥሩ።
ሌላ ቃል አልጠየቁኝም፣ አመሰግነው ዘጉ፣ አደሩ።

ጡረታ ስወጣ የውሃው መሥሪያ ቤት
(አበባ ነበረ፣ የደረቀ ኬክም)
«የወንዙን ታሪክ ጻፊልን» አለኝ፣ «በራስሽ አንደበት፣
ልክ እንደምታወሪው።»
ቀላል መስሎኝ።

እርሳስ ቀርጬ ገና አንድ መስመር ሳልሞላ
አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከወንበሬ ኋላ፤
ከረባት ያሰረ፣ ጸጉሩን ያበጠረ፣
«እንደሚታወቀው» ብሎ በእጄ ጀመረ።
«ከላይ ለመግለጽ እንደተሞከረው…»
ማነው የገለጸ? ማነው የሞከረው?
ይህን ሰው እኔ ቤት ማነው ያስገባው?

የዜኖንን ሁለት ላሞች ወንዙ ነው የወሰዳቸው።
አውቃቸዋለሁ፤ የአንደኛዋ ግራ ቀንድ ስብር ነበር፣
እጄን ትልስ ነበር።
እኔ ገጽ ላይ ሲደርሱ «በቤት እንስሳት ላይ ጉዳት ደርሷል» ሆኑ፤
ወንዙ በዓረፍተ ነገሩ የጓሮ በር
ሹልክ ብሎ ወጣ፣
ላም እንዳልበላ።

ቀደድኩት። ሌላ ጻፍኩ። ይኼኛው ደግሞ ባሰ፤
ጨረቃ እየጠራ ወንዝ ላይ አለቀሰ፣
«አንተ የብር መቀነት!» እያለ።
የቱ መቀነት ነው ጎተራ ያፈረሰ?
የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ ቀደድኩት እሱንም።
ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በረዶው ቀለጠ፣ ገጹ ግን አልሞላም።

እሁድ ቴክላ እህቴ ከግዳንስክ ደወለች።
«ያ ሌሊት ግን እንዴት ነበር?» አለች፣ ሾርባ እያማሰለች፤
ማንኪያው ከድስቱ ጋር ሲጋጭ ይሰማኛል።
እኔም ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ፣ ድንች እየላጥኩ፦
«ምኑ ይወራል? ባትሪ ይዤ ወረድኩ፣ ምሰሶው የለም።
ሰምጧል። ዋርሶዎች ደግሞ ቁጥር ይፈልጋሉ፣
ሰው ይስመጥ አይስመጥ፣ በሰዓቱ።
ከምሰሶው ጫፍ እኩል የሆነች ድንጋይ አለች፣
ታውቂያታለሽ፣ ልጆች ሆነን የምንዘልባት፤
ጫማዬን አወለቅኩና እሷ ላይ ወጣሁ፣
የአኻያውን ቅርንጫፍ ጨበጥኩ።
ውሃው እዚህ ደረሰ፣ እዚህ፣ ደረቴ ላይ።
አምስት ሜትር፣ ሲደመር እኔ።»

ማንኪያው ቆመ።
«ቦግና፣» አለች፣ «ይኼን ጽፈሽዋል?»

ድንቹን ጥዬ ሮጥኩ፣ እጄ እንደረጠበ፤
ወረቀቱ ላይ ግን እሱ ቀድሞኝ ነበር፣
ከረባቱን እያስተካከለ፦
«ምሰሶው በመስጠሙ ምክንያት
አማራጭ የመለኪያ ዘዴ ሥራ ላይ ዋለ።»

ሳቅኩ። ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ።
ከዚያ ግን አልሳቅኩም። በዚያ ዘዴ ውስጥ
የኔ ጥርስ ሲንገጫገጭ የት ገባ?
ላሟ በጨለማ ስታልፈኝ፣ አፍንጫዋ ብቻ ከውሃው በላይ፣
የት ገባች?

ማታ መብራት አጠፋሁ።
ስልኩን አነሳሁ፣ ለማንም ሳልደውል፣
ጆሮዬ ላይ ብቻ አሳረፍኩት።
«ቦግና ነኝ» አልኩ።
እጄ በጨለማ ተከተለኝ፣ ጠማማ፣ መስመር የሳተ፦
ቦግና ነኝ። ምሰሶው የለም።
አምስት ሜትር፣ ሲደመር እኔ።

ሌላ አልመጣም። ለአንድ ክረምት አንድ መስመር።
ሰውየውም አልሄደም፤ ጓዳ ተቀምጧል፣
ለመቅድሙ ይሆነኛል ብዬ ሾርባ ሰጥቼዋለሁ።

ሲነጋ ወረድኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።
ሁለት ሜትር ከሠላሳ ስምንት።
ነፋስ አለ።